የጌጤ ቲኬት በብርቄ ነጠላ ጫፍ

ቲኬት ያለው ይግባ፣ የሌለውም ይግባ፤ ተረቴ ባቡር ነው፣ ተቆጣጣሪ ግን የለውም። በሩ ላይ የቆማችሁ ወደ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ጥግ ያለኸው፣ ስልክህን ኪስህ ክተት፤ መሀል ላይ "ማን ነበር ያልሽኝ?" ብትለኝ መልሼ አልነግርህም። ውሸቴን ነው፣ እነግርሃለሁ። ይኼ ተረት ካልተደገመ አይሄድም።

ጌጤ የምትባል ሴት ነበረች። ሥራዋ ሞግዚትነት ነው። ሃያ ዓመት በሰው ቤት የሰው ልጅ አዝላ፣ የሰው ልጅ አጉርሳ፣ የሰው ልጅ አስተኝታ ኖራለች፤ አንድም ቀን ግን "ሠራተኛችን ናት" የሚል ወረቀት ተጽፎላት አያውቅም። ልጁ አድጎ ትምህርት ቤት ሲገባ እሷ ሻንጣዋን ይዛ ትወጣለች። ኑሮዋ እንደዚያ ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ሰፈሯ ያለው መዋዕለ ሕፃናት ቀጠራት። "ሰኞ ጠዋት መታወቂያሽን ይዘሽ ነይና ውል ፈርሚ" አሏት። ቀጥለውም "ክስ ያለበትን ሰው ግን ከሕፃናት ጋር አናሠራም፤ ደንባችን ነው" አሏት። ጌጤ ሳቀች። ከማን ጋር ተካሳ ታውቅና።

አርብ ዕለት እኩለ ቀን ላይ፣ ለሰኞ የምትለብሰው ሽርጥ ልትገዛ ወደ ባቡሩ ሄደች። ቲኬት መስኮቱ ጋ ማንን ብታገኝ ጥሩ ነው? ብርቄን። ድሮ ልጆቿን ያሳደገችላትን፣ ሦስት ዓመት ያላየቻትን ብርቄን። ተሳሳሙ፤ በግራ፣ በቀኝ፣ እንደገና በግራ፤ ሰልፉ ቆመ። ከዚያ ያ ነገር መጣ፤ እናንተም ታውቁታላችሁ።

"እኔ ልክፈል" አለች ጌጤ።

"አይሆንም፣ እኔ ነኝ የምከፍለው" አለች ብርቄ።

"በሞቴ።"

"አፈር ስሆን።"

"እጅሽን መልሺ እንጂ።"

"ልጆቼን ያሳደግሽልኝ ሰው ሆነሽ ደግሞ አንቺ ልትከፍዪልኝ?"

አንዷ የአንዷን እጅ ትገፋለች፤ ሌላዋ ከታች ሌላ እጅ ታሾልካለች። ከኋላ አንዱ "እናቶች፣ ባቡሩ እኮ መጣ" አለ። ቲኬት ሻጯ ሰልችቷት የቀረባትን ብር ተቀበለችና ሁለት ቲኬት ሰጠች። የቀረባት የብርቄ እጅ ነበር። ብርቄ አሸነፈች፤ ጌጤ በደስታ ተሳደበች፤ ተያይዘው ገቡ። ከዚያ ወሬ ነው። ማን አገባ፣ ማን ወለደ፣ ማን ቤት ለቀቀ ሲሉ ሁለተኛው ፌርማታ ደረሰ። ዋንዛ ሥር ይባላል። ብርቄ ብድግ አለች፤ "ውይ ደረስኩ፣ ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ነኝ፣ ብሎክ አራት፣ ነይ እንጂ ጠይቂኝ" አለች፤ ሳመቻት፤ ወረደች። ሁለቱንም ቲኬት ይዛ ወረደች።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ በሩ ሲከፈት ተቆጣጣሪው ቆሟል። ወጣት ነው፤ መርዕድ ይባላል፤ ሸሚዙ ተተኩሶ ተተኩሶ ጠርዙ እጅ ይቆርጣል።

"ቲኬት" አለ።

"ብርቄ ጋ ነው" አለች ጌጤ።

"ብርቄ ማን ናት?"

"ወዳጄ ናት። ከፍላልኛለች።"

"የት አለች?"

"ወርዳለች።"

መርዕድ እስክሪብቶውን አወጣ። "እናቴ፣ ትናንት አንዱ 'ቲኬቴን ነፋስ ወሰደው' አለኝ። ከትናንት ወዲያ አንዷ 'ፍየል በላብኝ' አለችኝ። የዛሬውን ደግሞ ብርቄ ወሰደችው። እስቲ መታወቂያዎን ይስጡኝ" አለ። መታወቂያዋን ተቀብሎ ፎርም ሞላ። ፎርሙ ላይ "ያለ ቲኬት ተሳፍራ የተገኘች" ይላል። "ይኼ ፎርም ከሳምንቱ ፎርሞች ጋር አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ ከረጢቱ ፖሊስ ጋ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ክስ ነው" አላት።

ክስ ሲላት ጌጤ መዋዕለ ሕፃናቱ ታያት፣ ትንንሾቹ ወንበሮች ታዩዋት፣ ሰኞ በር ላይ ቆማ ስትመለስ ራሷን አየች። "የምትቀጣኝን ቅጣኝ ልጄ፣ መታወቂያዬን ብቻ መልስልኝ፣ ያንን ፎርም ብቻ ቅደደው" አለች። "እኔ መቅደድ አልችልም፤ የኃላፊዋ ማኅተም ያስፈልጋል" አላት። እንግዲህ ተቆጣጣሪው መታወቂያ አይመልስም፤ ጌጤ ያለ መታወቂያ ቤቷ አትገባም። አጭር ነው አይደል? ቆዩ፣ ይረዝማል።

ጌጤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች። የጣቢያዋ ኃላፊ ወይዘሮ ፀዳለ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ መነጽሯን ጠረጴዛው ላይ ትፈልጋለች። ጌጤ ግንባሯን አሳየቻትና ጉዳይዋን ነገረቻት። ኃላፊዋ እስከ መጨረሻው ሰማቻት። "የዛሬ ቀን፣ ሰዓቱም ከመያዝዎ በፊት የሆነ ቲኬት ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ከመጣልኝ ፎርሙ ላይ 'ተሰርዟል' ብዬ ማኅተም እመታለሁ። ክስ የለም፣ ፖሊስ የለም። ቲኬት ከሌለ ግን ማኅተም የለም" አለች።

"ቃሌስ?" አለች ጌጤ።

"ቃልዎን እኔ አምኜዎታለሁ። ማኅተሙ ነው የማያምነው።"

እንግዲህ ኃላፊዋ ማኅተም አትመታም፤ ተቆጣጣሪው መታወቂያ አይመልስም፤ ጌጤ ያለ መታወቂያ ቤቷ አትገባም። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል።

ጌጤ አዲስ ቲኬት ገዝታ በመዳፏ ጨብጣ፣ ተንጠልጥላም ሳትለቀው፣ ዋንዛ ሥር ወረደች። ብሎክ አራትን ጠይቃ ጠይቃ አገኘች። ብርቄ በር ከፍታ "ዛሬውኑ ልትጠይቂኝ መጣሽ? ግቢ፣ ምሳ ብዪ" አለች።

"ብርቄ፣ ቲኬቴን።"

ብርቄ ጉንጯን ያዘች። "ወይኔ። ነጠላዬ ጫፍ ላይ ቋጥሬዋለሁ" አለች። የብርቄ ኪስም ቦርሳም ነጠላዋ ነው፤ የሳጥን ቁልፍ ነጠላ ጫፍ፣ የራስ ምታት ክኒን ነጠላ ጫፍ። ማንም ተው ቢላት አትሰማም።

"ነጠላሽስ የት ነው?"

"ጥለቱ ተተርትሮ ልብስ ሰፊው ጋ ጣልኩት። ቋጠሮውን ሳልፈታ ነው የሰጠሁት። ምን ነካኝ?" ያለ ነጠላ መውጣት እያሳፈራት ሹራብ ደርባ ተከተለቻት። ሁለት ሴቶች ሮጡ። ብርቄ ቋጠሮውን አትፈታም፤ ኃላፊዋ ማኅተም አትመታም፤ ተቆጣጣሪው መታወቂያ አይመልስም፤ ጌጤ ያለ መታወቂያ ቤቷ አትገባም።

ልብስ ሰፊው ጋሽ ደምስ ሱቁ ደጃፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሱቁ ዝግ ነው። እጁ ላይ ግማሽ ቁልፍ ይዟል፤ ሌላው ግማሽ ጓጉንቸሩ ውስጥ ተሰብሮ ቀርቷል።

"ጋሼ፣ ነጠላዬን" አለች ብርቄ።

"ነጠላሽ ውስጥ ነው፣ እኔ ውጭ ነኝ" አለ ጋሽ ደምስ።

"በድንጋይ ቢመቱትስ?" አለች ጌጤ።

"መታሁት። ድንጋዩ ተሰበረ። ይኼን ጓጉንቸር የገዛሁት ሌባ እንዳይከፍተው ብዬ ነው፤ እኔንም ከሌባ ቆጠረኝ። በያጁ መጥቶ ካልቆረጠው በቀር ነጠላ አይወጣም።" እንግዲህ ልብስ ሰፊው ነጠላውን አያወጣም፤ ብርቄ ቋጠሮውን አትፈታም፤ ኃላፊዋ ማኅተም አትመታም፤ ተቆጣጣሪው መታወቂያ አይመልስም፤ ጌጤ ያለ መታወቂያ ቤቷ አትገባም። ስምንት ሰዓት ተኩል ሆነ። የጌጤ ልብ እንደ ዳቦ ቤት በር ይከፈታል ይዘጋል።

በያጁ ጀማል ከመንገዱ ማዶ ነው። ግማሽ የተበየደ የብረት በር ላይ ተደግፎ ሻይ ይጠጣል። "መብራት የለም፣ እትዬ" አለ ገና ሳይጠየቅ። "ማሽኑ አይነሳም።"

"በእጅ መጋዝ ቁረጠው" አለች ጌጤ።

"በእጅ መጋዝ እቆርጠዋለሁ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅብኝም። መጋዜን ግን ጠዋት ቧንቧ ሠሪው ተውሶኝ ሄደ። አሁን እመልሳለሁ ብሎኝ ነበር። የእሱ አሁን እንደዚህ ነው።" እንግዲህ በያጁ ጓጉንቸሩን አይቆርጥም፤ ልብስ ሰፊው ነጠላውን አያወጣም፤ ብርቄ ቋጠሮውን አትፈታም፤ ኃላፊዋ ማኅተም አትመታም፤ ተቆጣጣሪው መታወቂያ አይመልስም፤ ጌጤ ያለ መታወቂያ ቤቷ አትገባም። ሻዩን ጨርሶ በያጁም ተከተላቸው። ሦስት ሆኑ።

ቧንቧ ሠሪውን ቶሎሳን ብሎክ ስድስት ጀርባ አገኙት። ምን ሆኖ አገኙት መሰላችሁ? ተንበርክኮ። ከአናቱ እስከ ጫማው ረጥቦ። በሁለት እጁ መጋዙን ቧንቧው ላይ ተጭኖ፤ ቧንቧው ግማሽ ተቆርጦ፤ መጋዙ ቁርጡ ውስጥ ተሰንቅሮ።

"መጋዜን" አለ ጀማል።

"እንዳትነካኝ" አለ ቶሎሳ። "መጋዝህ ነው ውኃውን የያዘልኝ። ብነቅለው ግቢው ሐይቅ ይሆናል።"

"ውኃ ሳትዘጋ ቧንቧ ትቆርጣለህ እንዴ?" አለች ብርቄ።

"ዛሬ የእኛ ፈረቃ አይደለማ። አርብ ውኃ መጥቶ አያውቅም። ሁለት ዓመት እዚህ ስሠራ አንድ አርብ አልመጣም። ግማሽ ስደርስ ዱብ አለ።" ሊስቁ ፈለጉ፤ ፊቱን ሲያዩት ተዉት። "ዋናው መዝጊያ እዚያ ምድር ቤት፣ ሠናይት ኩሽና ውስጥ ነው። ከስድስት ሰዓት ጀምሬ እየተጣራሁ ነው፤ ልጇ ያለቅሳል፣ አትሰማኝም። እሷ ትዝጋልኝና መጋዙን ውሰዱ" አለ። እንግዲህ ቧንቧ ሠሪው መጋዙን አይነቅልም፤ በያጁ ጓጉንቸሩን አይቆርጥም፤ ልብስ ሰፊው ነጠላውን አያወጣም፤ ብርቄ ቋጠሮውን አትፈታም፤ ኃላፊዋ ማኅተም አትመታም፤ ተቆጣጣሪው መታወቂያ አይመልስም፤ ጌጤ ያለ መታወቂያ ቤቷ አትገባም። ትንፋሼ አለቀ። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ ሁለት ሰዓት ቀርቷታል። ጀማል የቶሎሳን ትከሻ ደግፎ ቀረ፤ ሴቶቹ ወደ ምድር ቤቱ በር ሮጡ።

ልቅሶው ከበሩ በፊት ደረሰባቸው። ሠናይት በሩን በክርኗ ከፈተች። ፀጉሯ ተበታትኗል፣ ዓይኗ ቀልቷል፣ እቅፏ ውስጥ የስምንት ወር ልጅ ይጮኻል።

"ልጄ፣ ዋናውን የውኃ መዝጊያ ዝጊልን" አለች ጌጤ።

"በምን እጄ?" አለች ሠናይት። እውነቷን ነው፤ እጅ የላትም። "ሁለት ቀን አልተኛም። ሳስቀምጠው ይጮኻል፣ ስይዘው ይጮኻል።"

"እኔ ልዝጋው" አለች ብርቄ፣ አልፋትም ልትገባ አለች።

ሠናይት በበሩ ላይ ቆመች። "አይነካም፣ እትዬ። ባለፈው አንዱ ልዝጋ ብሎ እጀታውን ሰበረውና ሁለት ወር ውኃ በጀሪካን ተሸከምኩ። ግማሽ ዙር ወደ ኋላ፣ ከዚያ ሩብ ወደ ፊት ነው የሚዘጋው፤ አመሉን የማውቅለት እኔ ነኝ። ልጁ ይተኛልኝና እዘጋለሁ።" ልጁ ደግሞ ይህን ሰምቶ ነው መሰለኝ ይባስ አቀለጠው።

እንግዲህ ሕፃኑ አይተኛም፤ እናቱ ውኃውን አትዘጋም፤ ቧንቧ ሠሪው መጋዙን አይነቅልም፤ በያጁ ጓጉንቸሩን አይቆርጥም፤ ልብስ ሰፊው ነጠላውን አያወጣም፤ ብርቄ ቋጠሮውን አትፈታም፤ ኃላፊዋ ማኅተም አትመታም፤ ተቆጣጣሪው መታወቂያ አይመልስም፤ ጌጤ ያለ መታወቂያ ቤቷ አትገባም።

ብርቄ ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። "እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ፤ ምነው በከፈልሽና በቀረብኝ" አለች። ጌጤ ግን አልሰማቻትም። ጌጤ ሕፃኑን እያየችው ነበር። ከእኩለ ቀን ጀምሮ ስለ ወረቀት፣ ስለ ማኅተም፣ ስለ ብረት ሲነግሯት ምን እንደምትመልስ አታውቅም ነበር። ይኼን ግን ታውቀዋለች። ሃያ ዓመት የሠራችው ይኼንን ነው።

"ስጪኝ" አለች።

"ሰው ሲይዘው ይብስበታል።"

"ይባስበት። ስጪኝ።"

ሠናይት ሰጠቻት። ባሰበት። ጌጤ ነጠላዋን አወለቀች፣ ልጁን ጀርባዋ ላይ አስተኛች፣ ጥብቅ አድርጋ አዘለችው፣ እግሩን ወገቧ ላይ አስተካከለች፣ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ መሄድ ጀመረች። አሥር እርምጃ ወደዚያ፣ አሥር እርምጃ ወደዚህ። እሹሩሩ ልትለው አፏን ስትከፍት ሌላ ቃል አልመጣላትም፤ ያው ቀኑን ሙሉ ስትደጋግመው የዋለችው ብቻ መጣላት። እሱኑ በዜማ አለችው።

"እሹሩሩ፣ ተቆጣጣሪው መታወቂያ አይመልስም። እሹሩሩ፣ ኃላፊዋ ማኅተም አትመታም። እሹሩሩ፣ ብርቄ ቋጠሮውን አትፈታም።" ልጁ ይጮኻል። "እሹሩሩ፣ ልብስ ሰፊው ነጠላውን አያወጣም። እሹሩሩ፣ በያጁ ጓጉንቸሩን አይቆርጥም።" ልጁ ያለቅሳል እንጂ አይጮህም። ዘወር ብላ ከመጀመሪያው ጀመረችለት። እንደገና፤ እንደገና። ስንቴ እንደደጋገመችው ብርቄም አልቆጠረችም። "እሹሩሩ፣ ቧንቧ ሠሪው መጋዙን አይነቅልም።" ልጁ ሳግ ብቻ ቀረው። "እሹሩሩ፣ እናቱ ውኃውን አትዘጋም።" ሳጉም ቆመ። "እሹሩሩ፣ ሕፃኑ አይ..."

ሕፃኑ ተኛ።

ጸጥ አለ። ሠናይት አፏን ይዛ ታለቅሳለች፤ የድካም ልቅሶ ነው። ለማስተኛት ስንት ደቂቃ እንደፈጀባት እኔም ጠፋኝ፤ ዋናው አሥር ሰዓት ሆኗል። ሠናይት በእግሯ ጣት ወደ ኩሽና ገባች፣ ግማሽ ዙር ወደ ኋላ፣ ሩብ ወደ ፊት፣ ዘጋችው።

አሁን ያዙኝ፣ ባቡሩ ወደ ኋላ ሊመለስ ነው። ሕፃኑ ተኛ፤ እናቱ ውኃውን ዘጋች፤ ቧንቧ ሠሪው መጋዙን ነቀለ፤ በያጁ መጋዙን ይዞ በረረ። ጌጤስ? ጌጤ ልጁን አዝላ ቆማለች። ካወረደችው ሊነቃ ነው። ሠናይት አልጋውን አነጠፈች፣ ጌጤ ቀስ ብላ ተቀመጠች፣ ቀስ ብላ አስተኛችው። ሕፃኑ አንድ ዓይኑን ገለጠ። ሦስት ሴቶች ትንፋሻቸውን ዋጡ። አያቸው፣ አያቸው፣ ጨፈነ። ጌጤ ነጠላዋን ከሥሩ ልትስብ ስትል ሠናይት እጇን ያዘቻትና "ይተዉለት፣ ሽታዎን ነው የወደደው፤ ኋላ አመጣለሁ" አለች። ጌጤም ያለ ነጠላ ወጣች። ሁለት ሴቶች፣ ሁለቱም ያለ ነጠላ፣ በዋንዛ ሥር ሲሮጡ የሰፈሩ ሰው ምን እንዳለ አልነግራችሁም።

በያጁ ጓጉንቸሩን ቆረጠ፤ ልብስ ሰፊው ነጠላውን አወጣ። ብርቄ በጥርሷ ቋጠሮውን ፈታች፤ የሳጥን ቁልፍ ነው። ፊቷ ተለወጠ። ሌላውን ጫፍ ፈታች፤ ክኒን ነው። ጌጤ ግንባሯን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። "ቆዪ፣ ነጠላ እኮ አራት ጫፍ አለው" አለ ጋሽ ደምስ፣ ሙያው ነውና። ሦስተኛውን ፈታች፤ ሁለት ቲኬት፣ ተጣብቀው፣ ተጨማደው፣ የዛሬ ቀን ይዘው። ብርቄ እልል አለች፤ በያጁ ሳቀ፤ ጌጤ ግን ቲኬቶቹን ጨብጣ ወደ ባቡሩ እየሮጠች ነበር።

ጌጤና ብርቄ ኃላፊዋ ቢሮ ሲደርሱ ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ነው። መርዕድ ከረጢቱን ከፍቶ ፎርሞቹን እየደረደረ ነው። ጌጤ ሁለቱን ቲኬቶች ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ኃላፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። "የዛሬ ናቸው። ሰዓታቸው ልክ ነው፤ ቁጥራቸውም ተከታታይ ነው" አለች።

መርዕድ ሁለቱን አገላበጣቸው። "አንዱ የእሳቸው ይሁን፤ ሁለተኛው የእኚህ መሆኑን በምን አውቃለሁ?" አለ፣ ወደ ጌጤ እየጠቆመ። ከፍቶበት አይደለም፤ ሥራው መጠየቅ ነው።

"እኔ ነኝ የከፈልኩላት" አለች ብርቄ።

"ነጥቃኝ ነው የከፈለችው" አለች ጌጤ። "እጄን ገፍታ።"

"መገፋት ነበረብሽ፤ ልጆቼን ያሳደግሽ ሰው።"

"እኔ ቀድሜ ነበር የደረስኩት፤ መክፈል የነበረብኝ እኔ ነኝ። እንዲያውም አሁን እሰጥሻለሁ።"

"አፈር ስሆን፣ አልቀበልም።"

"በሞቴ።"

"እጅሽን መልሺ።"

አንዷ ቦርሳዋን ትከፍታለች፣ ሌላዋ ትዘጋባታለች፤ የኃላፊዋ ጠረጴዛ ላይ ብር ይገፋፋሉ፣ የማኅተሙ ቀለም ሊደፋ ነው። መርዕድ አያቸው። ከንፈሩን ነከሰ፣ ግድግዳውን አየ፣ አልቻለም፤ ሳቁ አመለጠው። "ይኼንን ነገር መቼም ሰው አይፈጥረውም፤ እናቴም እንደዚሁ ናት" አለ። ፎርሙን ከከረጢቱ አውጥቶ ለኃላፊዋ ሰጣት። ኃላፊዋ "ተሰርዟል" ብላ ጻፈች፣ ማኅተሙን አነሳች፣ መታች። ድምፁ ለጌጤ የሠርግ ከበሮ ሆነላት።

መርዕድ መታወቂያውን በሸሚዙ ጠርዝ ጠርጎ በሁለት እጁ ሰጣት። "ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቴ።"

"ሥራህን ነው የሠራኸው" አለች ጌጤ። "ያችን ፍየል በላብኝ ያለችህን ሴትዮ ግን፣ አንዴ ቁጭ አድርገህ ብትሰማት ጥሩ ነው።"

መርዕድ ጎንበስ ብሎ ከረጢቱን አየ። ከዚያ የፍየሏን ሴትዮ ፎርም መዘዘና ኪሱ ከተተው።

ሕፃኑ ተኝቷል፤ እናቱ ውኃውን ዘግታለች፤ ቧንቧ ሠሪው መጋዙን ነቅሏል፤ በያጁ ጓጉንቸሩን ቆርጧል፤ ልብስ ሰፊው ነጠላውን አውጥቷል፤ ብርቄ ቋጠሮውን ፈትታለች፤ ኃላፊዋ ማኅተም መታለች፤ ተቆጣጣሪው መታወቂያ መልሷል፤ ጌጤም ወደ ቤቷ ልትገባ ነው።

ቲኬት መስኮቱ ጋ ደረሱ። ብርቄ እጇን ወደ ነጠላዋ ጫፍ ሰደደች። ጌጤም እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች፤ ከዚያ መለሰችው። "ክፈይ፣ እሺ፣ አንቺ ክፈይ" አለች። "ቲኬቴን ግን ለእኔ ስጪኝ።"

ሰኞ ጠዋት ውሉን ፈረመች። ስሟ ወረቀት ላይ ሲጻፍ አጠገቡ "ሠራተኛ" የሚል ቃል አየችና ጣቷን አስኬደችበት፤ ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበር ትንሽ ተዝረከረከ። እኩለ ቀን ሲሆን ሃያ ሦስት ሕፃናት ምንጣፍ ላይ ተጋድመው አንተኛም አሉ። ጌጤ ቅዳሜ የገዛችውን አዲሱን ሽርጧን አስተካክላ መሀላቸው ተቀመጠችና "እሹሩሩ፣ ተቆጣጣሪው መታወቂያ አይመልስም" ብላ ጀመረች። በያጁ ጋ ሳትደርስ ሁሉም ተኙ።

አንተ ጥግ ያለኸውስ? ተመልከቱት፣ እሱም ተኝቷል፤ ስልኩ እጁ ላይ እንደበራ። አትቀስቅሱት፣ ፌርማታው ሲደርስ እኔ እነግረዋለሁ። እኔ ግን ሰፈሬ ደርሻለሁ፤ ወራጅ አለ።